የአምብሮዝ ክራዶክ ስድስተኛ ልጅ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ቬልማ ክራዶክ ሙት ፈርሞ አየች።

ፊርማው የአምብሮዝ ክራዶክ ነው። አምብሮዝ የክራዶክ ዘር ሁሉ ግንድ ነው፤ ከእንግሊዝ በመርከብ መጥቶ በዚህ በቨርጂኒያ ወንዝ ዳር ስምንት መቶ ኤከር የትምባሆ መሬት የያዘ፣ የሰበካው ቤተ ክርስቲያን ሹም የነበረ ሰው። ቬልማ ይህ ሰው የተቀበረበትን ቀን ከራሷ ልደት አብልጣ ታውቀዋለች፤ ማርች 12 ቀን 1731። በመጽሐፏ አሳትማዋለች፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አስቀርጻዋለች፣ በየዓመቱ በሰው ፊት አንብባዋለች። አሁን ግን ከፊቷ ኮምፒውተሩ ላይ በተዘረጋው የሰበካው መዝገብ ገጽ ግርጌ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1731 ከሚለው በታች፣ አምብሮዝ በሹምነቱ በገዛ እጁ ስሙን ጽፏል። እሷ በማርች የቀበረችው ሰውዬ ገናን በሰላም አክብሯል።

መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች። ተመልሳ አየች። ፊርማው የትም አልሄደም።

«ሚስ ቬልማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለቻት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። ከሩቅ ስታያት የቬልማ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

«ደህና ነኝ» አለች ቬልማ። ደህና አልነበረችም።

ቬልማ የታሪክ ምሁር አይደለችም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ጠዋት ልጆቹን ታደርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመልሳለች። በመሃል ያለውን ጊዜ ሌላው ሹፌር ተኝቶ ወይ ካርታ ተጫውቶ ሲያሳልፈው፣ እሷ ቢጫውን አውቶቡስ ከፍርድ ቤቱ ጎን አቁማ ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች። እዚያ የመሬት ውል አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ የጋብቻ ፈቃድ አለ። የአውራጃው የጥንት መዝገብ አብዛኛው በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ከእሳት የተረፈውን ቬልማ ቅጠል በቅጠል ታውቀዋለች። ያን ዶሮ የጫረው የሚመስል የጥንት የእጅ ጽሑፍ ማንም ሳያስተምራት ማንበብ የቻለች እሷ ናት። ሐኪሞችና ጠበቆች ደብዳቤ እየጻፉ ቅድመ አያታቸውን እንድትፈልግላቸው ይለምኗት ነበር። የኮሌጅ ደጃፍ ላልረገጠች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮራ ትላለች፤ ብትኮራም አይፈረድባትም። ባሏ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ የምትወጂኝ ስሞት ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ያን ማክሰኞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የወሰዳት የአንድ ፎቶ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ የክራዶክ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ አለ፤ ለፕሮግራሙ ወረቀት ሽፋን የአምብሮዝ ቀብር የተጻፈበት የመዝገብ መስመር ፎቶ ቢወጣ ያምራል ብላ አሰበች። የሰበካው ዋና መዝገብ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በቅርቡ ከአንድ ቤት ቆጥ ላይ ተገኝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በኮምፒውተር መታየት ጀምሯል። እስከዚያ ድረስ እሷም ሆነች ሌላው ሰው ሲጠቀም የኖረው አንድ ቄስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በገለበጠው ቅጂ ነው። ቄሱ የዋናውን ቅደም ተከተል ትቶ ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሯቸዋል። መግቢያው ላይም «ዓመታቱን ሁሉ ወደ አዲሱ አቆጣጠር መልሻለሁ» ብሎ ጽፏል። ቬልማን ጉድ የሠራት ይህ አረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ በሚገዛው አገር ሁሉ ዓመት የሚለወጠው በጃንዋሪ አልነበረም፤ በማርች 25 ነበር። መስከረም ላይ እንኳን አደረሳችሁ ለምንባባል ለእኛ ይህ አይደንቀንም። እንግዲህ 1731 የሚባለው ዓመት ከማርች መጨረሻ ይጀምርና በጋውን፣ ገናን አልፎ፣ ጃንዋሪንና ፌብሩዋሪን ይዞ እስከሚቀጥለው ማርች 24 ድረስ ይሄዳል። ማርች 12 ቀን 1731 የዓመቱ ማለቂያ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። በዛሬው አቆጣጠር 1732 ሆኗል። የድሮ መዝገብ የሚያነብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፤ ቬልማ ራሷ በየዓመቱ ጸደይ ላይ በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ለጀማሪዎች የምታስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ቄሱ ግን አስተካክያለሁ አለ። የተስተካከለን ነገር እንደገና ማስተካከል ደግሞ ማበላሸት ነው ብላ፣ እንዳለ ወሰደችው።

ቅጂውን ከመደርደሪያ አስወረደችና ከፎቶው ጋር ታመሳክር ጀመር። በኤ የሚጀምሩትን ስሞች አየች፤ ቄሱ በትክክል አስተካክሏቸዋል። በቢ የሚጀምሩትንም አስተካክሏል። ሲ ላይ ሲደርስ ደከመው፣ ወይ እንግዳ መጣበት፣ ወይ ራት ቀረበለት፤ እሱና ፈጣሪው ይወቁት። ከዚያ ወዲህ ያለውን እንዳለ ገልብጦ ዐርፏል። ክራዶክ ደግሞ የሚጀምረው በሲ ነው።

ዋናው መዝገብ ላይ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። ኖቬምበር፣ ዲሴምበር፣ ከዚያ የአምብሮዝ ፊርማ፣ ከዚያ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ከዚያ በማርች አምብሮዝ ራሱ ተቀበረ። ከእሱ በላይም በታችም የእሱ ንብረት ተብለው የተመዘገቡ፣ የአባት ስም ያልተጻፈላቸው ጥቁሮች አሉ፤ እንዲህ ያሉትን ስሞች በየመዝገቡ አርባ ዓመት ሙሉ የቬልማ ዓይን ዘሏቸው ሲያልፍ ኖሯል፤ ዛሬም አለፋቸው። የምትፈልገው መስመር ከሁለት ገጽ በኋላ ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 1732፣ ፊሊፕ፣ የመበለቲቱ የፍራንሲስ ክራዶክ ልጅ፣ ተወለደ።

በጣቷ ቆጠረች። ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን እያለች ቆጠረች። አላመነችምና እንደገና ቆጠረች። ስድስት ወር ከሃያ ቀን። አምብሮዝ ሲሞት ፊሊፕ በእናቱ ሆድ ነበር።

ቬልማ ክው አለች።

በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ይህ ሕፃን አባቱ ከተቀበረ ከአሥራ ስምንት ወር በላይ ቆይቶ የተወለደ ነው። የዝሆን እርግዝና አይደለምና፣ ቬልማ «ፊሊፕ የክራዶክን ስም ወሰደ እንጂ የክራዶክ ደም የለውም» ብላ ቁርጥ አድርጋ ጻፈች። ያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ማንም ያላየውን ነገር አየሁ ብላ እንቅልፍ አጥታ የሰነበተችው በደስታ ነበር። የአምብሮዝ ልጆች ከስድስት ወደ አምስት ወረዱ።

ታሪኩ በመጽሐፍ ላይ ቢቀር ምንም አልነበረም። ማኅበሩ ግን ከድሮ ጀምሮ አንድ ልማድ አለው። በቤተሰቡ መቃብር አጠገብ ድንኳን ተተክሎ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከምሳ በፊት፣ መዝገብ ያዡ የአምብሮዝን ልጆች ስም በዕድሜያቸው ተራ ይጠራል። ስሙ በተጠራ ቁጥር ከዚያ ልጅ የሚወለዱት ሁሉ ብድግ ይላሉ፤ ሰው ያያቸዋል፣ ያጨበጭብላቸዋል፣ ይቀመጣሉ። ሌላ ምንም የለውም። ግን ሴቶች ለዚያች ብድግታ ቀሚስ ይገዛሉ፣ ወንዶች ከሩቅ ግዛት ድረስ መኪና ነድተው ይመጣሉ። በመጨረሻ የሚጠራው ፊሊፕ ነበር፤ ሲጠራም የሚነሡት ክላይድ ክራዶክና ልጁ ኦፓል ነበሩ። በዚያ ዓመት ቬልማ አምስት ስም ጠርታ መጽሐፉን ዘጋች። ማንም ምንም አላለም። እፎይ ብላ ለሰው ሻይ ልትቀዳ ሄደች።

ክላይድ ከወንዙ አፍ የሚበላ የባሕር ዛጎል እያወጣ ሸጦ የሚያድር፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የቤተሰቡን መቃብር ሣር ማንም ሳይጠይቀው አርባ ዓመት አጭዷል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማጨጃውን በፒካፑ ጭኖ ይመጣል፣ ያጭዳል፣ የወደቀ ድንጋይ ያቀናል፣ ይሄዳል። አባቱም አያቱም እዚያ ተቀብረዋል። ልጁ ኦፓል ደግሞ የቬልማ የነፍስ ጓደኛ ነበረች፤ ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ቬልማ ስታገባ ሚዜዋ የሆነች። ከዚያ የበጋ ቀን በኋላ ክላይድ ማጨጃውን ይዞ አልመጣም። ኦፓልም ገበያ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች።

ክላይድ በ1994 ሞተ። ኦፓል አባቷን ከአባቱ ጎን ለመቅበር በሁለት መስመር ደብዳቤ ጠየቀች። ማኅበሩ ደንብ አለው፤ ስሙ የማይጠራ አይቀበርም። ደንቡን ያረቀቀችው ቬልማ ናት። እምቢ የሚለውን መልስ የፈረመችውም እሷው ናት። ክላይድ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ በሕዝቡ መቃብር ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ቬልማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ መሪውን ይዛ፣ ሞተር ሳታስነሣ አሰበችው። ያፈረሰችው ቤት በትክክል የቆመ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ያለውን ውለታ ለማንም አትውልም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? እነዚያን ገጾች አንብቦ ሊረዳ የሚችል ሰው በአውራጃው ውስጥ እሷ ብቻ ናት። ይህን እያሰበች ስልኩን አነሣችና ወደ ሎዌል ደወለች። ሎዌል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ ስድሳ ዓመት የሆነው፣ ምላሱ ቅቤ የተቀባ የአጎቷ የልጅ ልጅ። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረችው።

«ሚስ ቬልማ» አለ ሎዌል፣ «እርስዎ እኮ ሰው ነዎት፣ ሰው ይሳሳታል። ደግሞ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ላይ አንድ መስመር እርማት እናወጣለን። አሁን ለቅዳሜ ሰዉን አናስደንግጥ።»

«ክላይድ የሞተው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው እንዴ?»

«እሱስ አይደለም፤ ግን...»

«ሬሳውን ተሸክመህ አልፈሃል፣ ሎዌል። በመቃብራችን በር ፊት ለፊት ነው ያለፋችሁት።»

ቬልማ ስልኩን ዘጋች፤ ሎዌልን ተቆጣች እንጂ የተናገረችው ለራሷ ነው።

ኦፓል የምትኖረው ከወንዙ ቅርንጫፍ ማዶ ነው። በመስኮት ሲያዩት ቅርብ፣ በድልድዩ ዞሮ ለሚሄድ ግን ሃያ ደቂቃ ነው። ቬልማ ድልድዩን ለሌላ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተሻግራዋለች፤ ወደዚያ ቤት ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት አልታጠፈችም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታጠፈች። ኦፓል በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ሳህን አድርጋ፣ እሸት ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ፀጉሯ ጥጥ ሆኗል። ከጎኗ ባለው ሁለተኛ ወንበር ላይ የባቄላው ቅርጫት ተቀምጧል።

«መንገድ ጠፋብሽ እንዴ?» አለች ቀና ሳትል።

«አልጠፋብኝም። አንቺን ብዬ ነው።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ስትለብሺ ቆየሽ?»

ቬልማ ይህን አፍ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆነው ሁለቱንም ከክፍል ያስወጣቸው ይኸው አፍ ነው። ደረጃው ላይ እንደቆመች ነገሩን ተናገረች። ቃሏን ከቤት አዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ አንዱም አልወጣላትም። ስለ ቄሱ ጀመረች፣ ተወችው፣ ስለ ፊርማው ጀመረች፣ መሃል ላይ ተደነቃቀፈች። በመጨረሻ «ፊሊፕ የአምብሮዝ ልጅ ነው» አለች። «አባትሽ ክራዶክ ነበር። ተሳስቼ ነው፣ ኦፓል። የቀብሩን ዓመት ተሳስቼ ነው።»

«ማርቹን ነዋ» አለች ኦፓል።

«ምን አልሽ?»

«ማርቹን ነው የተሳሳትሽው። ማርች የአሮጌው ዓመት ነው። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን? የመጀመሪያው ክፍልሽ ላይ እኮ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ከአምስታችን አንዱ አንቀላፍቶ ነበር፤ እኔ ግን እሰማሽ ነበር።»

ቬልማ ድርቅ ብላ ቀረች።

«ታውቂ ነበር?»

«ማወቅ አይባልም። እኔ ያን መዝገብ የት አይቼው? ጠረጠርኩ። ጽፌልሽም ነበር፣ በ91። ‹ቬልማ፣ ያንን ቄስ ከማመንሽ በፊት ማርቹን እይው፣ ዋናውን መዝገብ ፈልጊው› ብዬ።»

«አልደረሰኝም።»

«ደርሶሻል። መልስ ሰጥተሽኛል።»

ኦፓል ሳህኑን አስቀምጣ ጉልበቷን እየደገፈች ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ አንዲት ካርድ ይዛለች። ካርዷ የታተመች ናት፤ ቬልማ በዚያ ጊዜ ደብዳቤ ሲበዛባት ሁለት መቶ አሳትማ ለሁሉም ትልክ ነበር። «ለቤተሰባችን ታሪክ ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን። ጉዳዩ ተመርምሮ ተዘግቷል።» ከሥሩ የራሷ ፊርማ አለ።

ቬልማ ካርዷን አየች፤ ፖስታውም ትዝ አላት። ሰማያዊ ነበር። የላኪውን ስም አይታ፣ ገልብጣ፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጣው ነበር። አሁን አልደረሰኝም ማለት አይቻልም፤ ረሳሁት ማለትም አይቻልም።

«አልከፈትኩትም» አለች። «ስምሽን አይቼ ሳልከፍተው ካርድ ላክሁልሽ።»

ኦፓል ተመልሳ ተቀመጠች። «አለመክፈትሽን አውቄዋለሁ» አለች። «ብትከፍቺው ኖሮ ትመጪ ነበር። እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ሌላው ሐሳብ ይከብደኝ ነበር።»

ቬልማ አለቀሰች። ኦፓል አላባበለቻትም፤ አላባረረቻትምም። ከወንዙ ላይ የአንድ ጀልባ ሞተር ድምፅ መጣና አለፈ።

«አባትሽን ከአባቱ ጎን እናምጣው» አለች ቬልማ አፍንጫዋን ጠርጋ። «እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ሎዌል አንድ ቃል አይተነፍስም።»

«አጥንት ቆፍራችሁ? ተዪው። እማማን አጠገቡ አስተኝቻታለሁ። የነዳጅ ማደያውን ጫጫታ ለምደውታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ለኔ ምንም። ቅዳሜ ስሙን ጥሪው። በአፍሽ፣ በዚያው ድንኳን፣ በዚያው ተራ።»

«ትመጫለሽ?»

«አልመጣም። ልጆቼም አይመጡም። አንዱ ቴክሳስ ነው፤ አንዷ ደግሞ ስማችሁን ስትሰማ ራሷን ያማታል። ግን ጥሪው።»

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሙቀቱ የሚያፍን ነበር። ድንኳኑ ሥር ከሰባ የማያንስ ሰው ተሰብስቧል። ጠረጴዛዎቹ ጨው የበላው የአሳማ ሥጋ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣ፣ በስኳር የወፈረ ቀዝቃዛ ሻይ ተደርድሮባቸዋል። ሎዌል ቬልማን ክንዷን ይዞ «በአጭሩ ብቻ» አላት። ማይክራፎኑን ተቀበለችና በአጭሩ ተናገረች። አምብሮዝ የሞተው በ1732 ነው፤ ፊሊፕ ልጁ ነው፤ መጽሐፌ ሐሰት ነው፤ ድንጋዩ ሐሰት ነው፤ የክላይድን ቤተሰብ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኦፓል ተሳስተሻል ብላ ስትጽፍልኝ ደብዳቤውን አልከፈትኩም።

ጉርምርምታ ተነሣ። ክላይድን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ ረድፍ አንድ አሮጌ ሰው «እንግዲያ ያን ሰውዬ ምን አድርገነው ነው?» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። አንዲት ሴት ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አፏን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በ1988 በጋ እዚያው ነበሩ፤ አምስት ስም ሲጠራ ሰምተው ወደ ዶሮው የተሰለፉ ናቸው።

ቬልማ መጽሐፉን ገለጠች። የመጀመሪያውን ስም ጠራች፤ ሃያ የሚሆኑ ተነሡ፣ ተቀመጡ። የዛሬው ጭብጨባ ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ጠራች። አምስተኛው የራሷ የዘር ሐረግ ነው፤ ራሷ ቆማለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ፊሊፕ» አለች።

ሰው ሁሉ ዙሪያውን አየ። የሚነሣ የለም። ቬልማ ጠበቀች። በልማዱ፣ ስም ጠርቶ የሚነሣ እስኪገኝ መጠበቅ የመዝገብ ያዡ ሥራ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ከሁለት ትንፋሽ በላይ ጠብቃ አታውቅም። አንገቷ ላይ ላብ ወረደ። ሎዌል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ሚስ ቬልማ፣ በቃ፣ ይዝጉት» አላት። አልዘጋችም። ዓይኗ ድንኳኑ በር ላይ ነበር፤ አልመጣም ያለችው ሴት ትመጣለች ብላ እንደምትጠብቅ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ሎዌል ራሱ ጸሎት ጀመረና ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

ምሳ አልበላችም። ድልድዩን ዞራ ኦፓል በረንዳ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ኦፓል ያው ቦታዋ ላይ ናት፤ ሌላ ቅርጫት ባቄላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ጠራሁት» አለች ቬልማ።

«ማን ተነሣ?»

«ማንም።»

«ምን ያህል ጠበቅሽ?»

«እንጃ። አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ሎዌል ጸሎት እስኪጀምር።»

ኦፓል ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ሦስት ባቄላ ፈለፈለች። «ያኔ ያን ደብዳቤሽን ለአባዬ አላነበብኩለትም» አለች።

«የቱን ደብዳቤ?»

«በ88 ከስብሰባው በፊት፣ ስማችሁ ከዝርዝሩ ወጥቷል ብለሽ የጻፍሽበትን። እሱ ማንበብ እንደማይችል ታውቂያለሽ፤ የሚመጣለት ሁሉ በኔ በኩል ነበር። ደበቅኩት። ቬልማ ጽፋው ነው እንጂ ፊቱን ስታይ አያስችላትም፣ ትጠራዋለች ብዬ። ሸሚዙን ተኩሼለት ይዤው መጣሁ። አምስተኞቹ ሲቀመጡ ተነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። አንቺ መጽሐፉን ዘጋሽ።»

«አላየሁትም» አለች ቬልማ።

«አላየሽም። ወደኛ በኩል ቀናም አላልሽ። ሰዉ ተሰለፈ፣ አነሣ፣ በላ። እሱ እንደቆመ ነው። ‹አባዬ፣ ና እንሂድ› ስለው ‹ቆይ እንጂ፣ ሥራ በዝቶባት ረስታው ነው፣ አሁን ታስታውሰዋለች› ይለኛል። ጠረጴዛው ተነሣ፣ ድንኳኑ ወረደ። የሱን ወንበር ሊያጥፉ ሲመጡ ነው ከዚያ የተንቀሳቀሰው።»

ሌላ አልጨመረችም። ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች። ቅርጫቱን ከሁለተኛው ወንበር ላይ አላነሣችውም፤ ቬልማም ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች።